ሒሳቡ ውስጥ የሌለው ሙዚቃ

በአዲስ አበባ አንድ ደህና ምግብ ቤት ገብቶ ምሳ የበላ ሰው በመጨረሻ የሚሰጠውን ደረሰኝ አገላብጦ ቢያየው፣ የከፈለው ለጥብሱና ለሽሮው ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል፡፡ በዋጋው ውስጥ የጤፉ፣ የዘይቱና የቅቤው ወጪ አለ፡፡ የቤት ኪራዩ፣ የአስተናጋጇ ደመወዝ፣ የመብራቱና የውኃው ሒሳብ አለ፡፡ ከሥር ደግሞ የመንግሥት ድርሻ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻው ተጽፏል፡፡ ደንበኛው ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ሳያቋርጥ የቀረበለት አንድ ነገር ግን በደረሰኙም ላይ፣ በባለቤቱ የወጪ መዝገብም ላይ የለም፡፡ እርሱም ሙዚቃው ነው፡፡

ነገሩ ተራ ይመስላል፡፡ ስለ ዘይትና ስለ ቤት ኪራይ በሚወራበት ከተማ ስለ ምግብ ቤት ሙዚቃ ማንሳት ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊሆንበት ይችላል፡፡ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ጉዳዩ ሦስት ከባድ ጥያቄዎችን ያዘለ ነው፡፡ አንደኛው፣ በሌላ ሰው የአእምሮ ሥራ እየነገዱ ዋጋውን አለመክፈል ምን ይባላል የሚለው ነው፡፡ ሁለተኛው፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚጥሰው ሕግ እንዴት ሕግ ሆኖ ይቆያል የሚለው ነው፡፡ ሦስተኛው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስደስቱን የኖሩ የሙዚቃ ሰዎች አልጋ ሲይዙ ኮሚቴ አቋቁመን በመዋጮ የምናሳክምበት ልማድ እስከ መቼ ይቀጥላል የሚለው ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የሙዚቃ ባለመብትነት ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ድረስ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ፈጠራ የባለቤቱ ሀብት መሆኑን ደንግጎ ነበር፡፡ በሐምሌ 1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ እነዚያን ድንጋጌዎች ተካ፡፡ ይኸው አዋጅ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል፡፡ እንግዲህ ስለ አዲስ ሕግ እየተነጋገርን አይደለም፡፡ ዋናው አዋጅ ሲወጣ የተወለደ ልጅ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅበት ዕድሜ ላይ ደርሷል፡፡

አዋጁ ለአንድ ሥራ ባለቤት ከሚሰጣቸው የኢኮኖሚ መብቶች አንዱ ሥራውን በይፋ የመከወን፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲከውነው የመፍቀድ መብት ነው፡፡ “በይፋ” የሚለው ቃል የሚያስፈራ ቢመስልም መለኪያው ቀላል ነው፡፡ ሙዚቃው የሚሰማበት ቦታ ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ክበብ ውጭ ያሉ ሰዎች የሚገኙበት፣ ወይም ሊገኙበት የሚችሉ ከሆነ ማሰማቱ በይፋ ነው፡፡ ምግብ ቤት ደግሞ በሩን የሚከፍተው ለማያውቀው ሰው ነው፡፡ መሣሪያው ቴፕ ይሁን ፍላሽ፣ ኮምፒዩተር ይሁን የአስተናጋጁ ስልክ ለውጥ አያመጣም፡፡ ሕጉ ለቀቅ ያደረገው በቤተሰብ ስብሰባና በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚደረገውን ክዋኔ ነው፡፡ ምግብ ቤት ከሁለቱ አንዱንም አይደለም፡፡

ብዙ ባለቤቶች “ሲዲውን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፣ ሌላ ምን እከፍላለሁ?” ይላሉ፡፡ ጥያቄው የዋህነት እንጂ ክፋት የለበትም፡፡ መልሱ ግን የተገዛው ዕቃው እንጂ መብቱ አይደለም የሚል ነው፡፡ መጽሐፍ የገዛ ሰው ያነበዋል፣ ያበድረዋል፣ ይሸጠዋል፤ አባዝቶ ሊያሳትመው ግን አይችልም፡፡ ሲዲ የገዛም ቤቱ ያዳምጠዋል፤ ንግድ ቤቱ ውስጥ ለገበያ ሊያሰማው ግን ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፡፡

ዛሬ ደግሞ ሲዲም ቀርቷል፡፡ አብዛኛው ቤት የሚያሰማው ከዩቲዩብ ወይም ከስፖቲፋይ ነው፡፡ እነዚህ አገልግሎቶች ደንበኛው “እስማማለሁ” ብሎ በሚያልፈው ውል ላይ አገልግሎቱ ለግል እንጂ ለንግድ እንዳልሆነ ጽፈዋል፡፡ በየወሩ እየከፈለ የሚጠቀም ሰው እንኳ የከፈለው ለራሱ ጆሮ ነው፡፡ ይህ ለምግብ ቤት ባለቤቶች አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም፡፡ ኳስ የሚያሳይ ሁሉ እንደሚያውቀው ዲኤስቲቪ የመኖሪያ ቤትና የንግድ ቤት ደንበኝነትን ለይቶ ነው የሚሸጠው፡፡ ለኳሱ የገባን ነገር ለዘፈኑ ያልገባን፣ ኳሱ ሳይከፈልበት ስለሚቋረጥ ዘፈኑ ግን ስለማይቋረጥ ብቻ ነው፡፡

አንድ ዘፈን፣ ብዙ ባለቤት

“ዘፋኙ ወዳጄ ነው፣ ፈቅዶልኛል” የሚል ሌላ መከራከሪያም አለ፡፡ ዘፋኙ ግን በአንድ ዘፈን ላይ መብት ካላቸው ሰዎች አንዱ ብቻ ነው፡፡ ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ሙዚቃውን ያቀናበረ ሰው አለ፡፡ እነዚህ የሥራው አመንጪዎች ናቸው፡፡ ቀጥሎ በሕጉ አነጋገር “ከዋኝ” የሚባለው ዘፋኙና መሣሪያ ተጫዋቹ፣ ከዚያም ገንዘቡን አውጥቶ ያስቀረጸው ፕሮዲውሰር ይመጣሉ፡፡ የእነዚህ የኋለኞቹ መብት “ተዛማጅ መብት” ይባላል፡፡ ለንግድ የታተመ የድምፅ ቅጂ በይፋ ሲሰማ ተጠቃሚው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲከፍልና ክፍያው ለከዋኙና ለፕሮዲውሰሩ እንዲከፋፈል አዋጁ ደንግጓል፡፡

የመብቶቹ ዕድሜም ይለያያል፡፡ የአመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ይጸናል፤ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይተላለፋል፡፡ የከዋኙና የፕሮዲውሰሩ ደግሞ 50 ዓመት ነው፡፡ ለምሳሌ ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነው፡፡ እርሱ ከተጫወታቸው ዘፈኖች አንዱን ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚያሰማ ሰው መብቱ ያበቃ እንደሆነ ለማወቅ የጥላሁንን የሞት ዓመት ቢቆጥር ተሳስቷል፡፡ የግጥምና የዜማው መብት የሚቆጠረው ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት ሰዎች ካረፉበት ጊዜ ነው፡፡ እነርሱ ዛሬም በሕይወት ያሉ ከሆነ ቆጠራው ገና አልተጀመረም፡፡

ባንድ ወይም ኪቦርድ ተጫዋች የቀጠረ ባለቤትም ከዚህ አያመልጥም፡፡ ለባንዱ የከፈለው ለሙዚቀኞቹ ድካም ነው፡፡ ባንዱ የሚጫወተው የሌሎችን ዜማ ከሆነ የዜማው ደራሲ ድርሻ ገና አልተነካም፡፡ በማሲንቆ እየተዟዟረ ግጥም የሚፈጥረው አዝማሪ ጉዳይ ለየት ይላል፡፡ ባለቤት የሌለውን የሕዝብ ዜማ ይዞ በራሱ ግጥም የሚጫወት ከሆነ የሥራው አመንጪ እርሱ ራሱ ነውና ስምምነቱም ከእርሱ ጋር ያልቃል፡፡

ቀድመው የተጨቃጨቁት

“ሰው ለምግቡ ነው የሚመጣው፣ ለሙዚቃ የተለየ አላስከፈልኩም” የሚለው ክርክር በእኛ አገር አልተጀመረም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1847 በፓሪስ ከተማ ኤርነስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ደራሲ ከጓደኞቹ ጋር አምባሳዶር በሚባል ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ የራሱ ሥራ ሲቀርብ ሰማ፡፡ ሒሳብ ሲጠየቅ “እናንተ ለዘፈኔ ካልከፈላችሁኝ እኔም ለመጠጣችሁ አልከፍልም” ብሎ እምቢ አለ፡፡ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና ደራሲው ረታ፡፡ ይኸው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1851 የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲያን የጋራ ማኅበር ሳሴም እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ፡፡ ማኅበሩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፡፡

በአሜሪካም ቪክቶር ኸርበርት የተባለው የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ በኒውዮርክ የሚገኘውን ሻንሊ የተባለ ምግብ ቤት ከሰሰ፡፡ ባለቤቶቹ መግቢያ አላስከፈልንም፣ ስለዚህ ሙዚቃው ለትርፍ አይደለም ብለው ተከራከሩ፡፡ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1917 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በጻፉት ፍርድ ይህን ክርክር ውድቅ አደረጉት፡፡ ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፡፡ ደንበኛው የሚከፍለው ለሙዚቃው ብቻ ባይሆንም ለምግቡ ብቻም አይደለም፤ ምግቡን ከሌላ ቦታ በርካሽ ሊያገኘው ይችላልና፡፡ የሚከፍለው ቤቱ ለሚሰጠው ድባብ በሙሉ ነው፣ ሙዚቃውም የድባቡ አካል ነው፡፡ ባያዋጣ ኖሮ ባለቤቱ ይተወው ነበር፡፡

የምግብ ቤቶቹም ወገን አንዳንድ ጊዜ ይረታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 በፒትስበርግ ከተማ የዶሮ ጥብስ የሚሸጥ ትንሽ ምግብ ቤት ሬዲዮ ከፍቶ በአራት ድምፅ ማጉያ በማሰማቱ ተከሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃ አደረገው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ስፋታቸው ከ3,750 ካሬ ጫማ በታች የሆኑ ምግብ ቤቶች ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያለ ክፍያ እንዲያሰሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፡፡ ይህ 350 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፡፡ አውሮፓውያን ግን ዝም አላሉም፡፡ በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሱና እ.ኤ.አ. በ2000 የድርጅቱ የዳኞች ጉባኤ ይህ ሰፊ ነፃነት ከስምምነቱ ጋር አይሄድም ብሎ ወሰነ፡፡ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችንም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ሥር ነው፡፡ የአሜሪካው ነፃነት የሚመለከተው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ብቻ በመሆኑ ከሲዲ ወይም ከስልክ ዘፈን የሚያሰማ ቤት፣ ትንሽም ቢሆን፣ አስካፕና ቢኤምአይ ከሚባሉት ማኅበራት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል፡፡

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው፡፡ እነዚያ አገሮች ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለውን ከመቶ ዓመት በፊት ጨርሰውታል፡፡ ዛሬ የሚከራከሩት በስንት ካሬ ሜትር፣ በስንት ድምፅ ማጉያ፣ በምን ያህል ገንዘብ የሚለው ላይ ነው፡፡ እኛ መርሁን በሕግ ተቀብለን ዝርዝሩን ስላልጨረስን መርሁ ራሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፡፡

የውጭው ነፃ፣ የአገሩ ባለዕዳ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የሕጉ ገጽታ አለ፡፡ አዋጅ ቁጥር 410 በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ መደበኛ መኖሪያቸው እዚህ የሆኑ ሰዎችንና በኢትዮጵያ የታተሙ ሥራዎችን ነው፡፡ የውጭ ሥራ የሚጠበቀው ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲኖር ነው፡፡ የዘርፉ ዋና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ አዋጁን ስታወጣ አባል አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ሳትቀላቀል ቆይታለች፡፡

የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ እናስተውል፡፡ የአሜሪካ ጃዝ የሚያሰማው ምግብ ቤት ከአገር ውስጥ ሕግ አንጻር ዕዳ የለበትም ብሎ መከራከር ይችላል፡፡ የአገሩን ልጅ ዘፈን የሚያሰማው ጎረቤቱ ግን ሕግ ጥሷል፡፡ ሕጉ የአገሩን ሙዚቀኛ ልጠብቅ ብሎ ተነሥቶ፣ ሕግ አክባሪ የሆነውን ነጋዴ ወደ ባዕድ ሙዚቃ የሚገፋ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፡፡

መፍትሔው ግን የአገሩንም ነፃ ማድረግ አይደለም፡፡ ለሌላው ያልሰጡትን ጥበቃ ከሌላው መጠየቅ ስለማይቻል የእኛም ዜማዎች በባሕር ማዶ ምግብ ቤቶች ሲሰሙ በዚያው መጠን ጥበቃቸው የሳሳ ይሆናል፡፡ ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀል በ1995 ዓ.ም. ስታመለክት ይህ ጉዳይ አብሮ ተነሥቷል፤ የድርጅቱ አባልነት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን፣ እርሱም የበርንን ዋና ዋና ግዴታዎች ይዞ ይመጣልና፡፡ ስለዚህ ብልህ የምግብ ቤት ባለቤት የንግድ ዕቅዱን የሚያወጣው የውጭ ሙዚቃ ለዘላለም ነፃ ነው ብሎ ሊሆን አይገባም፡፡

የሚከፈልበት ነገር ይመረጣል

እስካሁን ያነሣሁት ዕዳውን ነው፡፡ የክፍያ ጉዳይ ግን ለባለቤቱም የሚሰጠው ጥቅም አለ፡፡ ሰው ገንዘብ የሚያወጣበትን ነገር ያስብበታል፡፡ ሥጋውን ከየትኛው ሉካንዳ እንደሚገዛ፣ ቡናውን ማን እንደሚቆላለት የሚጨነቅ ባለቤት፣ ሙዚቃውን ግን ተረኛው አስተናጋጅ የወደደውን እንዲከፍት ይተወዋል፡፡ ለምን ቢባል ምንም ስላልከፈለበት ነው፡፡ ከዚያም በምሳ ሰዓት የጭፈራ ቤት ዘፈን ይጮሃል፣ በመሀል የዩቲዩብ ማስታወቂያ ይገባል፣ ሁለት ሰዎች የሥራ ጉዳያቸውን ለመነጋገር በጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይጯጯሃሉ፡፡

ሙዚቃ ገበያ እንደሚለውጥ በጥናት የታየ ነው፡፡ ሮናልድ ሚሊማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ ዳላስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ዝግ ያለና ፈጣን ሙዚቃ እያፈራረቀ አሰማ፡፡ ዝግ ያለ ሙዚቃ በሚሰማበት ጊዜ ተመጋቢዎች በአማካይ 56 ደቂቃ፣ ፈጣን ሙዚቃ ሲሆን 45 ደቂቃ ቆዩ፡፡ ለምግብ ያወጡት ገንዘብ ብዙም አልተለያየም፡፡ ለመጠጥ ያወጡት ግን ሙዚቃው ዝግ ሲል በግልጽ ጨመረ፡፡ እንግዲህ በምሳ ሰዓት ወረፋ ላለበት ቤት ፈጠን ያለው ይሻለዋል፤ በማታ ደንበኛ እንዲቆይለት ለሚፈልገው ደግሞ ዝግ ያለው፡፡ የ11 ደቂቃ ልዩነት የሚያመጣ ነገር በየትኛውም ንግድ የምርት ግብዓት ይባላል፡፡ ግብዓት ደግሞ ዋጋ አለው፡፡

የእኛ ሙዚቃ ለዚህ ምርጫ ድሃ አይደለም፡፡ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፡፡ ቃል የሌላቸው የክራር፣ የዋሽንትና የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ለመነጋገር ለተቀመጠ ሰው አይከብዱም፤ ግጥም ያለው ዘፈን ግን ጆሮን ከወሬው ይስባል፡፡ የጾምና የበዓል ወቅት የየራሱ ስሜት አለው፡፡ ቤቱ የሚገኝበት ሠፈር፣ የሚገባው ሰው ዕድሜና ሙያ፣ የግድግዳው ማስተጋባት ሳይቀር ይታሰብበታል፡፡ ከሁሉ በፊት ግን የድምፁ መጠን፡፡ ተመጋቢው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር መነጋገር ካቃተው፣ ያ ቤት ደንበኛውን እያስተናገደ አይደለም፡፡

ለማን ይከፈል?

ሕሊና ያለው አንድ ባለቤት ነገ ጠዋት ተነሥቶ “ልክፈል” ቢል ለማን ይከፍላል? በቀን 100 ዘፈን የሚያሰማ ቤት ለእያንዳንዱ ግጥምና ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ዘፋኝና ፕሮዲውሰር ስልክ እየደወለ ሲዋዋል ሊኖር አይችልም፡፡ በሌላው ዓለም ይህን የሚፈታው የጋራ አስተዳደር ማኅበር ነው፡፡ ባለመብቶች መብታቸውን ለማኅበሩ ይሰጣሉ፣ ተጠቃሚው በአንድ መስኮት ከፍሎ አንድ ፈቃድ ይወስዳል፣ ማኅበሩ ገንዘቡን ያከፋፍላል፡፡ የ2007ቱ ማሻሻያ አዋጅ ለእኛም ይህን በር ከፍቷል፡፡ የሙዚቃ ባለሙያዎቹም የጋራ አስተዳደር ማኅበር መሥርተዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፡፡

ማኅበር መኖሩ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፡፡ ከጎረቤት ኬንያ እንማር፡፡ ኬንያ ውስጥ ሆቴሉም ማታቱውም ለሙዚቃ ክፍያ ሲጠየቅ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ነገር ግን ገንዘብ ሰብሳቢዎቹ ማኅበራት ከሰበሰቡት 70 በመቶውን ለባለመብቶች ማድረስ ሲገባቸው አላደረሱም በሚል፣ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቦርድ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሦስት ማኅበራትን ፈቃድ ሰርዟል፡፡ ሙዚቀኛው ገንዘቡን አላገኘም፣ ከፋዩም ተማርሯል፡፡ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ማለት ይኼ ነው፡፡

ከዚህ በመነሣት በበኩሌ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ እላለሁ፡፡ የመጀመሪያው ታሪፉ ግልጽና የቤቱን አቅም ያገናዘበ እንዲሆን ነው፡፡ አሥር ወንበር ያላት ቁርስ ቤትና ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል በአንድ ሚዛን ሊለኩ አይገባም፡፡ ሙዚቃ ዋና ሸቀጡ የሆነ የምሽት ክበብም ሙዚቃን ለማጀቢያ ብቻ ከሚጠቀም ምግብ ቤት በላይ መክፈል አለበት፡፡ በጣም ትንንሾቹን አሜሪካኖች እንዳደረጉት ከሬዲዮ ክፍያ ነፃ ማድረግም ይታሰብበት፡፡

ሁለተኛው አከፋፈሉ ቀላል ይሁን የሚል ነው፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ተከፍሎ በሩ ላይ የሚለጠፍ ፈቃድ በቂ ነው፡፡ ነጋዴውን ለአምስት ማኅበርና ለሦስት መሥሪያ ቤት ማመላለስ ሕጉን መግደል ነው፡፡

ሦስተኛው የማኅበሩ ሒሳብ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ይታተም፡፡ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ለቢሮ ወጪ ዋለ፣ ስንት ለባለመብት ደረሰ፡፡ ክፍፍሉም ለታዋቂዎቹ ብቻ እንዳይሆን፣ በየቤቱ የሚሰማው ምን እንደሆነ በናሙና ይጠና፡፡

አራተኛው ስለ ቅጣት ነው፡፡ የ1996ቱ አዋጅ መብትን ሆነ ብሎ ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከሞራል ካሳ ደግሞ ከ100 ሺሕ ብር ያላነሰ ደንግጎ ነበር፡፡ ካሴት እያባዛ በብዛት የሚሸጥን ሰው አስቦ የተጻፈ ቅጣት ዘፈን የከፈተን ምግብ ቤት ሲያገኘው ለከሳሹም ለዳኛውም ይከብዳል፡፡ የከበደ ቅጣት ደግሞ ሥራ ላይ አይውልም፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ቅጣት ማንንም አያስፈራም፡፡ ለዚህ ዓይነቱ ጥሰት የሚስማማው ማስጠንቀቂያ፣ ያልተከፈለውን በእጥፍ ማስከፈል፣ እምቢ ሲል ክስ የሚል ደረጃ በደረጃ የሚሄድ መንገድ ነው፡፡

የባለቤቶቹ ስጋት

የምግብ ቤት ባለቤቶች ስጋት መናቅ የለበትም፡፡ ኪራይ ጨምሯል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ተወዷል፡፡ “ሌላ ግብር መጣብን” ቢሉ አይፈረድባቸውም፡፡ ሆኖም ሒሳቡን በቁጥር እንየው፡፡ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ መካከለኛ ምግብ ቤት በዓመት 6,000 ብር ቢጠየቅ በወር 500 ብር ነው፡፡ ቤቱ በወር 1,500 ተመጋቢ ቢያስተናግድ በአንድ ሰው የሚደርሰው 33 ሳንቲም ነው፡፡ ከአንድ ሲኒ ቡና ስኳር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፡፡ ክፍያው ግብርም አይደለም፡፡ ግብር ለመንግሥት የሚገባ ሲሆን ይኼ ግን እንደ ጤፉ ሁሉ ዕቃውን ላቀረበው ሰው የሚከፈል ዋጋ ነው፡፡

“እኛ እኮ እያስተዋወቅንላቸው ነው” የሚለውም መልስ አለው፡፡ ሥራውን በነፃ ማስተዋወቅ የሚፈልግ ሙዚቀኛ መብቱ ነው፤ ግን የመወሰን ሥልጣኑ የእርሱ ነው፡፡ ደግሞም ማስታወቂያ የሚጠቅመው የሚሸጥ ነገር ላለው ሰው ነው፡፡ እንደ አምባሰልና ኤሌክትራ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ካሴት ያሳትሙበት በነበረው ዘመን ዘፈኑን ምግብ ቤት የሰማ ሰው ወጥቶ ካሴቱን ይገዛ ነበር፡፡ ዛሬ የሚገዛ ካሴት የለም፡፡ በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያስጀመሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር፡፡ ቅጂ መሸጥ ካበቃ፣ ለደራሲው የሚቀረው ሥራው በተሰማ ቁጥር የሚያገኘው ክፍያ ነው፡፡ ያንንም ከከለከልነው ምን ቀረው?

እስከዚያው

አሠራሩ እስኪስተካከል ድረስ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፡፡ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ፡፡ የጋራ አስተዳደር ማኅበሩን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ፋይል ማድረግ፤ ይህ ቅን ልቦናውን ያሳያል፡፡ ከ20 ወይም ከ30 ሥራዎች ባለመብቶች ጋር በቀጥታ ተዋውሎ የቤቱን የራሱን ስብስብ ማዘጋጀት፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅጂውን መብት የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜና ለየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ይጥቀስ፡፡ ከወጣት ሙዚቀኞች ቃል የሌላቸው ሥራዎችን በክፍያ ማሠራትም ይቻላል፡፡ በሳምንት ሁለት ቀን ክራር የሚጫወት ሰው መቅጠር፣ የሚጫወተውን ዝርዝርም አብሮ መስማማት ጥሩ ነው፡፡ አስተናጋጆች ከግል ስልካቸው እንዳይከፍቱ መመሪያ መስጠት ደግሞ ግድ ነው፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ ላጠፋው የሚጠየቀው ቤቱ ነውና፡፡ አልፎ አልፎም ዝምታ መልካም ነው፡፡ ለዝምታ ማንም አያስከፍልም፣ የሚወደውም ደንበኛ አይጠፋም፡፡

ጠበቆች፣ ሒሳብ አዋቂዎች፣ የንግድ አማካሪዎች የሆናችሁ አንባቢያንም ድርሻ አላችሁ፡፡ የምግብ ቤት ደንበኛ ሲኖራችሁ ስለ ኪራይ ውሉና ስለ ታክሱ እንደምትጠይቁት ሁሉ ስለ ሙዚቃውም ጠይቁት፡፡ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ተጽፎ ብቻ አይኖርም፤ ባለሙያ በየመዝገቡ ሲያነሣው ነው የሚኖረው፡፡

በየጊዜው አንድ የምንወደው የሙዚቃ ሰው ታመመ ሲባል በቴሌቪዥን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነበባል፣ እኛም እንደ አቅማችን እናዋጣለን፡፡ መረዳዳቱ መልካም ባህላችን ነው፡፡ ግን ያ ሰው የደረሳቸው ዜማዎች በዚያው ሳምንት በስንት ምግብ ቤት ሲሰሙ እንደዋሉ፣ ስንት ሺሕ ሳህን ምግብ እንዳጀቡ ማሰብ ይገባል፡፡ በእርዳታ ስም የምንሰጠው ገንዘብ ቀድሞውንም የእርሱ ነበር፡፡ በወቅቱ በሳንቲም ከፍለነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልመና ባላስፈለገው፡፡